የአማካሪው እገዛ ከመረጃ መሰብሰቡ ይቅደም

ለተከበሩ የዝግጅት ክፍሉ አዘጋጅ፣

በሶሲዮሎጂ የማስተርስ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስለሚያዘጋጁ ተማሪዎችና ስለ አማካሪዎቻቸው ሲነሳ፣ ወቀሳው ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በመጨረሻው ረቂቅ እርማት መዘግየት ላይ ነው። በእኔ እምነት ግን ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ እጅግ ቀድሞ፣ የጥናቱ ጥያቄ በሚቀረጽበት ወቅት ነው። «ድህነትና ቤተሰብ» ርዕሰ ጉዳይ እንጂ የጥናት ጥያቄ አይደለም፤ ተማሪው እነማንን፣ የትኛውን ማኅበራዊ ግንኙነትና በየትኛው ንድፈ ሐሳብ እንደሚመረምር ሳይለይ መጠይቅ ከበተነ፣ የሰበሰበው መረጃ የቱንም ያህል ቢበዛ መልስ አይሆነውም፤ አማካሪውም ያን ጊዜ ከሰዋስው እርማት ያለፈ ብዙ ሊረዳው አይችልም።

የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዎቹ ግሌዘርና ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1967 መረጃን መሰብሰብና መተንተን ጎን ለጎን እንዲካሄዱ ያሳሰቡት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለሆነም አማካሪዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቃለ መጠይቆች ሙሉ ግልባጭ እንዲያነቡ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ መልሱን አስቀድሞ የሚጠቁም ጥያቄ፣ ሳይከታተሉት የታለፈ ፍንጭ፣ የተሳታፊውን ማንነት የሚያጋልጥ ዝርዝር (ተሳታፊው ፈቃዱን ቢሰጥም እንኳ ይህ በቸልታ ሊታለፍ አይገባም) የሚታየው እዚያው ላይ ነውና። ተማሪውም በበኩሉ ለውይይት ባዶ እጁን ሳይሆን ጥቂት ገጾች ጽፎ ይቅረብ፤ የተስማሙበትንም በጽሑፍ ለአማካሪው ይላክ።

የትምህርት ክፍሎች አንድ አማካሪ የሚይዛቸውን ተማሪዎች ቁጥር ይህን ሁሉ ለማንበብ በሚያስችለው መጠን እንዲወስኑ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢ