የጭምባን ዳርቻ ለወፎቹ ለአንድ በጋ እንከራይላቸው

ከጥቅምት በኋላ የጣና ውኃ ከጭምባ ዳርቻ ሲሸሽ የሚተወው ጥቁር ጭቃ ሁለት ፈላጊ አለው። አንዱ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ገበሬ ነው፤ ሌሎቹ የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት የውኃ ዳር ወፎች ናቸው። ከእነዚህ አንዷ ከሳይቤሪያ ሰሜናዊ ጫፍ የምትነሳው ከርሉ ሳንድፓይፐር ናት። ክብደቷ መቶ ግራም እንኳ አይሞላም። ወደ ታች በቆለመመ ምንቃሯ ጭቃውን እየወጋች ትልና እጭ ትለቅማለች። ሚያዝያ ሲቃረብ ግራጫ ላባዋ ይለወጥና ደረቷ እንደ ሸክላ ይቀላል፤ ልትሄድ ነው ማለት ነው። ከመነሳቷ በፊት ስብ ካላጠራቀመች ግን ያን ሁሉ መንገድ አትችለውም። ጭቃው የሚደርቀው፣ ከብቱም ግጦሽ አጥቶ ወደ ዳርቻው የሚወርደው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው።

ይህች ወፍ በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ገብታለች። ጣናም በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ከብት መመለሱና ሞፈር ማቆሙ ግን የእኛ የነዋሪዎቹ ሥራ ነው።

የምንጠይቀው ከዳርቻው ጠበብ ያለ ሰቅ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሳይታረስና ሳይጋጥ እንዲቆይ ነው። ገበሬውን በባዶ እጁ «ለወፍ ልቀቅ» ማለት ግፍ ነው፤ ልጆቹ የሚያድሩት በዚያች ሽምብራ ነው። ስለዚህ የሚዋጣው ገንዘብ አስቀድሞ የሚውለው ማሳውን ሳይዘራ ለሚተው ሰው ካሳ ነው፤ መጠኑን በገበያው ዋጋ ሽማግሌዎች ይገምቱታል። የተረፈው ለጠባቂ ደመወዝና ከብቱ በአንድ በኩል ብቻ ወርዶ ውኃ የሚጠጣበትን መንገድ ለማጠር ነው። ገንዘቡን የሚይዘው የአካባቢው እድር ሲሆን ወጪው በየወሩ በስብሰባው ላይ ይነበባል።

በባህር ዳርም፣ በደብረ ማርቆስም፣ ባሕር ማዶም ያላችሁ የጎጃም ልጆች፣ የአቅማችሁን ጣሉልን። ብር ለቸገረው አንድ ሸክም ድርቆሽ ትልቅ እርዳታ ነው፤ በረት ድርቆሽ ካለ ከብቱ ጭቃው ላይ አይውልም። አጥር ለመሥራት ጉልበቱን የሚሰጠንንም በደስታ እንቀበላለን። መዋጮው ከመስከረም መጨረሻ በፊት ቢደርሰን ዘር ሳይወርድ ከባለማሳዎቹ ጋር መዋዋል እንችላለን።