የፉል ታይምና የፓርት ታይም ነገር

ሰላም የቱሉ ዲምቱ ነርሶች! እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ኮንዶሚኒየሙ አዳራሽ እንገናኝ። ጉዳዩ የሥራ ሰዓታችን ነው። የግል ክሊኒክ ሠራተኛን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። ፓርት ታይም ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን ውላችሁን እዩ። እኔ «ፓርት ታይም» ብዬ ፈርሜ በአንድ ሳምንት አራት የ12 ሰዓት አዳር ገባሁ። 48 ሞላ እኮ! ደሞዙ ያው የግማሽ ቀን።

ውላችሁንና ያለፈውን ወር የዱቲ ፕሮግራም ይዛችሁ ኑ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶም ይበቃል። አዳር የገባችሁ መግቢያና መውጫ ሰዓታችሁን ጻፉ። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.75 ይባዛል። የመንግሥት ጤና ጣቢያ ያላችሁ ሕጋችሁ ሌላ ነው፣ ግን ኑ። የምትመጡ እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ «አለሁ» በሉ።