ሙቀቱ ወዴት እየሄደ ነው?

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ ሆዴ? እኛ ደህና ነን። አዳማም ያው እንደምታውቂያት ናት፤ ቀትር ላይ ወጥ ቤት መቆም ይከብዳል።

ባለፈው ስትደውዪ «እዚህ ደብረ ብርሃን ክኩ አልበስል አለኝ፣ እሳቱን ብጨምረው ብጨምረው ለውጥ የለም» ያልሽኝ ከአእምሮዬ አልወጣም። በስልክ አሳጥሬ መለስኩልሽ እንጂ ነገሩ ሰፋ ይላል። ብቻሽን ማብሰል ስለጀመርሽ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

ሙቀት ሁልጊዜ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው የሚሄደው። ልዩነቱ ሲሰፋ ይፈጥናል፣ ሲጠብ ይዘገያል፣ እኩል ሲሆኑ ያቆማል። ወጥ የሚቀዘቅዘው ብርድ ገብቶበት አይደለም፤ ሙቀቱ ወጥቶ ነው። ስለዚህ ምድጃ አጠገብ ስትቆሚ ሙቀቱ ከየት ተነስቶ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማሰብ ልመጂ።

ወደ ክኩ ልመለስ። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በባህር ጠለል ላይ ነው። ወደ ከፍታ ስትወጪ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይጎድላል። አዳማ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፤ እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው 94 ወይም 95 ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ያንቺ ውሃ ገና 90 አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። አንዴ ከፈላ ደግሞ እሳት ብትጨምሪበት ከዚያ በላይ አይሞቅም። የጨመርሽው ሙቀት በሙሉ ውሃውን እንፋሎት አድርጎ ያወጣዋል፤ ክኩ ያው 90 ላይ ነው። ፍላቱ ስለበረታ የሚፈጥን ይመስላል እንጂ መብራቱን ነው የምታባክኚው። ክኩን ቀደም ብለሽ ዘፍዝፊው። ሲፈላ እሳቱን ቀንሰሽ ክደኚውና ጊዜ ስጪው። ፕሬዠር ካገኘሽማ ግልግል ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ውሃው ከ100 ያልፋል።

ክዳኑን አደራ። አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ለማትነን የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከቀዝቃዛ እስኪፈላ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ሰባት እጥፍ ገደማ ነው። ያልተከደነ ድስት ያን ያህል ሙቀት ነው ወደ ጣሪያ የሚሰደው።

ቁሌት ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሽንኩርቱ ውሃ እስካለው ድረስ ሙቀቱ ከመፍያው ብዙም አያልፍም። ድምፁን ስሚ፤ መጀመሪያ የሚንጫጫው ያ ውሃ ነው። ድምፁ ሲቀንስ ውሃው አልቋል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱን ይዞለት የሚወጣ ነገር ስለሌለ ድስቱ በአንዴ ይግላል። ሽንኩርቱ የሚጠቁረውና ጣዕሙ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው፤ የሚያርረውም ያን ጊዜ ነው። አያትሽ ውሃ ጠብ እያደረገች የምታቁላላው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ጠብታ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በርበሬ ከመጨመርሽ በፊት በተለይ ጠብ አድርጊበት። በርበሬ ደቃቅ ስለሆነ ወዲያው አርሮ ይመርራል። በዚህ በአዳማ ሙቀት የአያትሽ ገንቦ ውሃውን ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቆየውም በዚሁ መንገድ ነው። በሸክላው አልፎ የሚወጣው እርጥበት ሲተን የውስጡን ሙቀት ይወስዳል።

ያ ስስ የአሉሚኒየም ድስትሽ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ እሳቱ በነካው ቦታ ላይ ግን ያሳርራል። ሸክላ ሙቀት የሚያሳልፈው በዝግታ ነው፤ ወፍራም ስለሆነም ብዙ ይይዛል። ተጋቢኖ ገበታ ላይ ቀርቦም የሚንተከተከው ሸክላው ከሽሮው በላይ ስለሚግል ነው። ምጣድም እንዲሁ ነው። ሊጡ ሊያልቅ ሲል አጥፊው፤ የመጨረሻዋ እንጀራ በቀረው ሙቀት ትበስላለች።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ማቀዝቀዙ ነው። ምግብ የሚያበላሹ ባክቴሪያዎች የሚራቡት በ5 እና በ60 ዲግሪ መካከል ነው። ወጡ ይህን መሀል ቶሎ ማለፍ አለበት። ድስት ሙሉ ወጥ ግን ዳር ዳሩ ቢቀዘቅዝም መሀሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ወፍራም ወጥ እንደ ሾርባ ውስጥ ለውስጥ አይገላበጥም፤ የመሀሉ ሙቀት መውጫ የለውም። ስለዚህ ሰፋ ባለ ዝርግ ዕቃ ከፋፍለሽ ገልብጪው። ወይም ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለው ሳፋ ውስጥ አስቀምጠሽ አማስዪው። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ያሳልፋል። ለብ ሲል ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዪው። እዚህ አዳማ በሞቃት ወራት እሱም ይበዛል።

ፍሪጁም ቢሆን ብርድ አይፈጥርም። ከውስጡ ሙቀት እየቀዳ በጀርባው ወደ ክፍሉ ያወጣል። ከግድግዳ ጋር አታጣብቂው፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ሞተሩ ያለ እረፍት ይሠራል። የጋለ ድስት ብታስገቢበት ደግሞ ሙቀቱ መጀመሪያ የሚሄደው አጠገቡ ወዳለው ወተት ነው።

እጅሽን ጠብቂ። እንፋሎት ቆዳ ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ያኔ ሲተን የወሰደውን ሙቀት ሁሉ እዚያው ይለቀዋል። ክዳን ስትከፍቺ ከራስሽ አርቀሽ አዘንብዪው። ድስት የምታወርጂበት ጨርቅም ደረቅ ይሁን፤ የሚከላከልልሽ ውስጡ ያለው አየር ነው፣ ከረጠበ ወዲያው ያሳልፋል። ከተቃጠልሽ ቶሎ ቧንቧ ክፈቺና ለ20 ደቂቃ ውሃው ይውረድበት። ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና እንዳትቀቢ፤ ቆዳሽ ውስጥ የገባውን ሙቀት የሚያወጣው ውሃ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሻለሁ። የፈለገ ብርድ ቢሆን ከሰል አቀጣጥለሽ ቤት ዘግተሽ እንዳትተኚ። ጭሱ ቢጠፋም የማይሸት ጋዝ አለው፣ ይገድላል። ብርድ ልብስ ደርቢ፤ የራስሽን ሙቀት ይዞ ያቆይልሻል።

በቅርቡ ወደዚያ የሚመጣ ሰው ስላለ አንድ ሸክላ ድስት እልክልሻለሁ። እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳታፈሺበት። ውሃው የነካው በኩል ሲኮማተር ሌላው ገና እንደጋለ ስለሚቆይ ይሰነጠቃል። ከእሳት ስታወርጂውም ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን እንጨት ወይም የታጠፈ ጨርቅ ላይ አሳርፊው።

አባትሽና ወንድምሽ ሰላም ብለውሻል።

እናትሽ
አዳማ