«ሶፊስቲኬትድ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ሰኞ ታክሲ ውስጥ ባዳመጥኩት የሬዲዮ ውይይት እንግዳው የባንክ ማጭበርበርን፣ የሕክምና መሣሪያንና የአንዲት ሴትን አለባበስ ሳይለይ ሁሉንም «በጣም ሶፊስቲኬትድ ነው» እያለ ገለጸ። አማርኛ ግን ማጭበርበሩን «የረቀቀ»፣ መሣሪያውን «ውስብስብ»፣ አለባበሱን «ጨዋነት ያለው» ብሎ ይለያቸዋል፤ «ረቂቅ» የሚለውማ፣ ከግእዝ የወረስነው፣ ቅጥነትንም ጥልቀትንም በአንድነት ይዟል። «ባንክ» እና «ታክሲ» የሚሉትን ቃላት ተቀብለን ስለምንኖር የባዕድ ቃል ሁሉ ይወገድ አልልም። የሚገርመው፣ ይኸው «ሶፊስቲኬትድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቀደም ባለው ዘመን «ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት»፣ ለምሳሌ የተበረዘ ወይን ጠጅ፣ ማለት ነበር፤ ለንግግራችን ይህ የቀድሞ ትርጉሙ ሳይስማማው አይቀርም። ረዳቱ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ «አሪፍ ማለት ነው» አለው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ