ራሱን ሲፈልጠው ቱቦውን እይ

ይድረስ ለወንድሜ ለበላይነህ፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? ሁለት ዓመት ድምፄን ማጥፋቴን አውቀዋለሁ፤ ሰበብ አልደረድርም። ወንድምህ ከሆስፒታል ወጥቶ ባሕር ዳር ቤቱ መግባቱን ስሰማ ግን ይህን ሳልነግርህ ማደር አልሆነልኝም።

ጉዳቱ 4ኛው የደረት አከርካሪ አንጓ ላይ ነው አሉኝ። ከ6ኛው አንጓ ጀምሮ ወደ ላይ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው፣ ከጉዳቱ በታች ሰውነቱን የሚያስጨንቀው ነገር ቢኖር እሱ ላይሰማው ይችላል፤ ደም ሥሮቹ ግን ይሰማቸዋል። ይኮማተሩና የደም ግፊቱ ያሻቅባል። አንጎል «ልቀቁ» ብሎ የሚልከው ትእዛዝ ከጉዳቱ በታች አይወርድም። ሐኪሞች አውቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ ይሉታል።

ይህ ሲነሳበት ራሱን ይፈልጠዋል፣ ፊቱና አንገቱ ይቀላል፣ ያልበዋል፣ አፍንጫው ይደፈናል። እግሩ ግን ይቀዘቅዛል። ብርድ መቶት ነው ብለህ ጋቢ ደርበህ እንዳታስተኛው! መጋደም ግፊቱን ያብሰዋል።

ቀጥ አድርገህ አስቀምጠው፣ እግሩን ወደ ታች አውርድ፤ ቀበቶውን፣ ጫማውን፣ የሽንት ከረጢቱን ማሰሪያ ፍታ። ግፊቱን በየ2 እስከ 5 ደቂቃው ለካ። ከዚያ የሽንት ቱቦውን ከላይ እስከ ከረጢቱ በጣትህ ተከተለው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያ ነው፤ ጭኑ ሥር ተጣጥፏል፣ ወይም ከረጢቱ ሞልቷል። ካልተጣጠፈና ሽንት ካልወረደ 10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ኖርማል ሳላይን (ንጹህ የሕክምና ጨው ውሃ) በቀስታ ይግባበት፤ አሁንም ካልወረደ ቱቦው ይለወጥ። የሽንት ፊኛውን በእጅህ አትጫን። ሽንቱ ደህና ከሆነ ሰገራ ደርቆበት ይሆናል፤ ሊዶካይን ጄል (የሚያደነዝዝ ቅባት) ሳትቀባና 5 ደቂቃ ሳትጠብቅ ጣት እንዳታስገባ፣ መነካካቱ ራሱ ግፊቱን ያንረዋል። በመጨረሻ የመኝታ ቁስልና ሥጋው ውስጥ የገባ የእግር ጥፍር ፈልግ።

የላይኛው ቁጥር 150 ከደረሰ ወይም ምክንያቱን ካጣኸው ወደ ድንገተኛ ክፍል። በባጃጅም ቢሆን ተቀምጦ ይሂድ። እዚያ ቪያግራ ወስዶ እንደሆነ ይጠየቅ፤ ከወሰደ ናይትሬት የሚባለው ግፊት ማውረጃ መድኃኒት አይሰጠውም። እማማ ፊት ግን አይናገርም፣ ለብቻው ጠይቀው። ቢሻለውም እንኳ 2 ሰዓት ያህል ግፊቱን ተከታተል።

ሌላው፣ የእሱ የዘወትር ግፊት 90 ወይም 100 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 140 ሲያይ ተረኛው ሐኪም «ምንም አይደል» ቢልህ እሺ አትበል፤ ከዘወትሩ በ20 እስከ 40 መጨመሩ ነው ምልክቱ። ደህና በሆነበት ቀን ለካና ቁጥሩን በወረቀት ጽፈህ ኪሱ ውስጥ አኑር።

በሚያዝያ ሙቀት ቀትር ላይ ጣና ዳር አታውለው፤ ከጉዳቱ በታች ስለማያልበው ሰውነቱ ይግላል። ውሃ መርጫ ጠርሙስ ይያዝ።

የዘወትር ግፊቱን ለክተህ ላክልኝ።

ወንድምህ