ያነበብነውን የት እንመዝግብ?

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ከረማችሁ? ባለፈው ፈረንጅ አራዳ ቡና ስንጠጣ ብዙዎቻችሁ ያነበባችሁትን ለመመዝገብ የትኛውን አፕ እንጫን ብላችሁኝ ነበር፣ እስቲ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጉድሪድስ በፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ ስላለ ሰው የሚበዛው እዛ ነው፣ 2013 ላይ አማዞን ገዝቶታል። ስቶሪግራፍን ደግሞ ናዲያ ኦዱናዮ የምትባል ፕሮግራመር ናት የሰራችው፣ እኔ እሱን ነው የምወደው፣ ኮከብ ስትሰጡ ሶስት ከሩብ እንኳን ማለት ይቻላል፣ ምን አይነት ስሜት ያለው መጽሐፍ እንደምታበዙም በግራፍ ያሳያችኋል። ጉድሪድስ ላይ ዝርዝር ያላችሁ ከባዶ አትጀምሩ፣ በኮምፒውተር ገብታችሁ ኤክስፖርት አድርጉና፣ ማለትም ዝርዝሩን በፋይል አውርዱና፣ ፋይሉን ስቶሪግራፍ ላይ ጫኑት።

የኛ ዋናው ጣጣ የአማርኛ መጽሐፍ ነው። ሰርች አድርጋችሁ ስታጡት የለም ብላችሁ ቶሎ አትተዉ፣ አንዱ በሀ ሌላው በሐ አንዱ በሰ ሌላው በሠ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው ያስገባው፣ ሁሉንም ሞክሩ። ከሌለ ስቶሪግራፍ ላይ ራሳችሁ አስገቡት፣ ግን እባካችሁ የደራሲውን ስም ሽፋኑ ላይ እንዳለው ከነአባቱ ጻፉ፣ የገጹን ብዛትም በእጃችሁ ካለው እትም ውሰዱ፣ ድጋሚ ሲታተም ይለያያል።

እኔ ስልኬ ሲበላሽ የሁለት ዓመት ማስታወሻ ጠፍቶብኝ በጣም ነው ያዘንኩት። ስለዚህ በየወሩ ኤክስፖርት አድርጋችሁ ቴሌግራማችሁ ላይ ለራሳችሁ ላኩት። አፕ የማይመቸው ደብተር ይያዝ፣ ችግር የለውም።

እሁድ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፣ አብረን እንጭናለን።