«ከቤት ነው ያመጣችሁት» ላሉን ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለዞናችን የጤና መምሪያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፤

ይህን በአደባባይ መጻፌ ቅር ቢያሰኝዎ አይፈረድብዎትም። እኔም ቢሮዎ ገብቼ፣ ወንበር ተስቦልኝ፣ ተነጋግረን ብንለያይ ይሻለኝ ነበር። ግን የሆስፒታሉ የአስተያየት መስጫ ሣጥን ቁልፉ ጠፍቷል፤ ሥራ አስኪያጁ ሁሌ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስለ እህቴ የቁስል ኢንፌክሽን ለእርስዎ ያስገባነው ደብዳቤም ማኅተም ተመቶበት መዝገብ ቤት ተኝቷል። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ከቢሮዎ በስልክ የደረሰን መልስ ይህ ብቻ ነው፦ «ኢንፌክሽኑን ከቤት ነው ያመጣችሁት። የንጽሕና ጉድለት ነው።»

እሺ። እንግዲያው ስለ ንጽሕና እንነጋገር።

ታናሽ እህቴ ለመውለድ ስትገባ ሰውነቷ ላይ የጭረት ያህል ቁስል አልነበራትም። ምጡ ጠናባትና በኦፕራሲዮን ተገላገለች። ሆዷ የተከፈተው እዚያው ነው፤ የተሰፋውም እዚያው ነው። ቁስሉ ቀልቶ፣ አብጦ፣ መግል መቋጠር የጀመረውም ከሆስፒታሉ አልጋ ሳትወርድ ነው። ታዲያ የእኛ ቤት በየት በኩል ገባ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ደንቡን እርስዎ ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። በሽተኛ ከተኛ ከ48 ሰዓት በኋላ የሚነሳ ኢንፌክሽን ከጤና ተቋም የተያዘ ተብሎ ይቆጠራል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ያመረቀዘ ቁስልም፣ ሴትየዋ ቤቷ ገብታ ገንፎ እየበላች እንኳ ቢሆን፣ የሚመዘገበው የቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽን ተብሎ ነው። የእህቴ እንዲያ ተብሎ ተመዝግቧል ወይ ብለን ጠየቅን። «የውስጥ ሰነድ ነው» ተባልን። ማንም ሳይመዘግበው ከቤት መምጣቱ በምን ታወቀ?

አሁን ያየሁትን ልንገርዎ። ጠዋት ጠዋት የቁስል ማጠቢያው ጋሪ ይመጣል። ሲስተሯ በሩ ጋ ካለው አልጋ ትጀምራለች። ፋሻውን ትፈታለች፣ መግሉን ትጠርጋለች፣ በአዲስ ጎዝ ትሸፍናለች። ከዚያ በዚያው ጓንት የጋሪውን እጀታ ይዛ ወደሚቀጥለው አልጋ ትገፋለች። እህቴ ዘንድ ስትደርስ የጓንቱ ጣቶች ረጥበው ነበር። «ሲስተር፣ እባክሽ ጓንቱን ቀይሪልን» አልኩ። «ከየት አምጥቼ?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ደክሟታል። ሌሊቱን ያን ሁሉ አልጋ ብቻዋን ይዛ አድራለች። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እሷን የሚከስ መስሎዎት ነገ ማስጠንቀቂያ እንዳይጽፉባት። ጓንት የሚገዛው አስታማሚ ነው፤ የሌለው ሰው ቁስል ደግሞ ከጎረቤት አልጋ በተረፈው ጓንት ይታጠባል።

ክፍሉ ውስጥ የእጅ መታጠቢያ አለ። ከበላዩ በላስቲክ የተለበጠ የሚያምር ሥዕል ተለጥፏል፤ የጤና ባለሙያ እጁን መታጠብ ያለበትን አምስት ጊዜ የሚያሳይ። በሽተኛ ከመንካት በፊት፣ ቁስልን ከመሰለ ንጹሕ ሥራ በፊት፣ ደምና ፈሳሽ ከነካ በኋላ፣ በሽተኛ ከነካ በኋላ፣ አልጋውንና ዙሪያውን ከነካ በኋላ። ከሥዕሉ ሥር ያለው ቧንቧ ሲከፈት ነፋስ ይተነፍሳል። ውሃ በጀሪካን ከግቢ ውጭ እየቀዳን የምናመጣው እኛ ነን፤ ሳሙናውም የእኛ ነው።

ክቡር ሆይ፣ የሚያስተዳድሩት ወሎን ነው። በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱእ የሚያደርግ ሕዝብ ነው። እንግዳ እጁን ሳይታጠብ ማዕድ አይቀርብለትም። አያቴ ገጠር ነው ያለችው፤ ከምንጭ በጀርባዋ ባመጣችው ውሃ የገባውን ሰው ሁሉ እጅ ታስታጥባለች። የንጽሕና ጉድለት የተባልነው እንግዲህ እኛ ነን።

ምላጩንም አልረሳሁትም። ከኦፕራሲዮኑ በፊት «ምላጭ ግዙ» ተባልንና ገዛን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ከቀዶ ሕክምና በፊት ፀጉርን በምላጭ መላጨት በጥብቅ እንዲቀር ይላል፤ ቆዳውን በዓይን በማይታይ መልኩ እየቧጨረ ለጀርም በር ይከፍታልና። የግድ ካስፈለገ በመከርከሚያ ማሽን ነው። በዚያው መመሪያ ላይ ለመከላከል የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥ፣ ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ ግን ለጥንቃቄ ተብሎ እንዳይቀጥል ተጽፏል። እህቴ ገና መግል ሳይታይባት ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ጠዋትና ማታ ስትወጋ ሰነበተች። እዚያ ክፍል ያለው ሁሉ ሴፍትሪያክሶን ይወጋል፤ ያተኮሰውም፣ ያላተኮሰውም። ይህ መድኃኒት ጀርም በቶሎ ይላመዳቸዋል ተብሎ አጠቃቀማቸው በቅርብ ክትትል እንዲደረግበት ከተመደቡት አንዱ መሆኑን ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ትኩሳቷ አልበርድ ሲል ጀርሙን አሳድጎ የሚለየው የካልቸር ምርመራ ታዘዘ። የምርመራው ኬሚካል አልቋል ስለተባለ ናሙናውን በእጃችን ይዘን ደሴ ወረድን። ውጤቱ ሲመጣ ክሌብሴላ የሚባል ጀርም ሆኖ ተገኘ። ሴፍትሪያክሶንን የሚሰባብር ኢንዛይም የሚያመርት ዓይነት ነው። ስንት ቀን የተወጋችው መድኃኒት ለዚያ ጀርም ከውሃ አይሻልም ነበር። እንዲያውም ይብሳል፤ ደካማ ጀርሞችን ጠርጎ ለዚህኛው ቦታ ያመቻችለታል፤ ይህ ደግሞ ችሎታውን ለሌሎች ጀርሞች ያስተላልፋል። የሚሠራላት ሜሮፔነም የሚባለው ጠንካራ አንቲባዮቲክ ብቻ ነበር። እሱም ሆስፒታሉ ውስጥ የለም። ከግል ፋርማሲ በየስምንት ሰዓቱ የሚሰጠውን እየገዛን፣ ወርቅ እየሸጥን፣ እህቴ ተረፈች።

ከአጠገቧ ከቆላ የመጣች ሌላ ወላድ ነበረች። ያው ጋሪ፣ ያው ጓንት፣ ያው ሽታ። እሷ ግን ካልቸርም አልታዘዘላትም። ባሏ የሜሮፔነምን ዋጋ ከእኛ ጠይቆ ሲሰማ ዝም አለ። በማግሥቱ «ዱዓ ይሻላታል» ብሎ ይዟት ወጣ። ደርሳ ይሁን፣ ሳትደርስ ይሁን አላውቅም። እሷም ከቤቷ ነው ያመጣችው? በሩ ጋ የተኛችውስ? የማይተዋወቁ ቤቶች አንድ ክፍል ሲገቡ አንድ ዓይነት ቆሻሻ ይዘው መጡ ልንል ነው?

ጦርነቱን እንደሚያነሱብኝ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. በወሎ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ፣ አልጋና ማሽን በመኪና ሲጫን ያየነው እኛው ነን፤ ለእኛ አይነገረንም። ስለ ሲቲ ስካን አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ባለ ቧንቧ በርሜል ነው። በ2012 ኮሮና ሲገባ በየባንኩ፣ በየሆቴሉ፣ በየቀበሌው በር ላይ በአንድ ሳምንት ተደርድሮ የነበረው በርሜል የት ደረሰ? የእጅ ማጽጃ አልኮልስ? የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር ያለ ምሥጢር ተጽፎ ተቀምጧል፤ ለ10 ሊትር 8,333 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ ኤታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፣ ቀሪው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። አንድ ፋርማሲስት ጓዳ ውስጥ ይቀምመዋል። ጀርሙ ሴፍትሪያክሶንን ተላምዶ ይሆናል እንጂ ሳሙናን፣ አልኮልንና በረኪናን አልተላመደም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ፤ እርስዎም የወደዱት እሱን ነው።

እህቴ ስትወጣ የመውጫ ወረቀቷ ላይ «ተሽሏት ወጥታለች» ተብሎ ተጻፈ። ክሌብሴላ የሚል ቃል የለበትም። ይህ ጀርም ቁስሉ ከዳነም በኋላ አንጀት ውስጥ ለወራት ሊቀመጥ እንደሚችል፣ ከሰው ወደ ሰው በእጅ እንደሚዛመት ማንም አልነገረንም። አራስ ቤት ደግሞ ያውቁታል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት አራስ ሊጠይቅ ይመጣል፤ ሕፃኑ ከእቅፍ እቅፍ ይዞራል፤ ገንፎው ከአንድ ገበታ ይበላል፤ ፎጣው የሁሉም ነው። ያስጠነቀቁን ደሴ ውጤቱን ያነበቡልን የላብራቶሪ ባለሙያ ናቸው፤ ሥራቸው ሳይሆን ቁጭ ብለው አስረዱን። ፋሻውን ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ የወጣውን ጎዝ በላስቲክ ቋጥራችሁ አቃጥሉ፣ ለእሷ የብቻዋ ፎጣ ይኑራት፣ አንሶላውን በሙቅ ውሃ እጠቡና ፀሐይ ላይ አስጡ፣ ከመጸዳጃ ቤት የወጣ እጅ ሳይታጠብ ሕፃኑን አይንካ፣ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ይታጠብ አሉን። አንድ ገጽ ወረቀት የማይሞላ ምክር ነው። እንግዳ ማስታጠብ ለወሎ ሰው ምን ይከብዳል? ምክንያቱን የሚነግረው ብቻ ነው ያጣው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጀርሙ ተጉዟል፤ የተጓዘው ግን ከሆስፒታል ወደ ቤት ነው።

ቤት ውስጥ ስሕተት የለም አላልኩም። እህቴ በተኛችበት ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን አሞክሳሲሊን እንክብል ከፍታ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ እንድንነሰንስ መክራናለች፤ ለልጇ ጉንፋን የተረፈ እንክብል ቁምሣጥን ውስጥ አላት። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን አይነካውም። ግን ያን እንክብል ማን ሸጠላት? ያለ ማዘዣ፣ በግማሽ ስትሪፕ፣ «ለጉሮሮ» ብላ ጠይቃ ነው የገዛችው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው? በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚል መድኃኒት እንደ ማስቲካ የሚሸጥባቸውን መደብሮች የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አለ፤ ይህች እናት ግን ያ ሥልጣን የላትም። ከሁለቱ የትኛው ነው ጉድለቱ?

እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተሰልቷል። ያንን ቁጥር በስልጠና አዳራሾች በስላይድ ስታሳዩ አይቻለሁ። ከቆላ የመጣችው ወላድ ስሟ ካልተመዘገበ ግን የማንም ቁጥር ውስጥ አትገባም።

የምጠይቀው ይህ ነው። የወላዶች ክፍል ቧንቧ ውሃ ይኑረው፤ እስኪመጣ ባለ ቧንቧ በርሜል ይቁም። ለያንዳንዱ ቁስል አዲስ ጓንት በሆስፒታሉ ወጪ ይቅረብ። በካልቸር ጀርም የተገኘበት በሽተኛ ሲወጣ የጀርሙ ስምና የቤት ጥንቃቄው በአማርኛ ተጽፎ ይሰጠው። ከቆላ የመጣችው ወላድ አድራሻ ካርድ ክፍል አለ፤ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል አስፈልጓት። የእህቴም ኢንፌክሽን በትክክለኛው ስሙ ይመዝገብ፤ ተመዝግቦ ከሆነም ቅጂው ይሰጠን።

መልሱን በጽሑፍ፣ በማኅተም እፈልጋለሁ። በስልክ የሚነገረውን ሰምተናል።

አንድ አስታማሚ
ወሎ